ያልጾምኩት ጾም

አገልጋዩ እጁን ራሴ ላይ ጫነ። ከዚያ ማይኩን ከአፉ አራቀና ጎንበስ ብሎ፣ «በምትኖሪበት ቤት ውስጥ ዓይን አለ» አለኝ። «ጸሎትሽን አስሮ የያዘው እሱ ነው። አንቺ አይደለሽም።»

የምኖረው ከአንዲት ልጅ ጋር ብቻ ነው። ስለዚህ የማን ዓይን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። «አሜን» ብዬ ወደ ቦታዬ ተመለስኩ።

ወደዚያ የጸሎት ፕሮግራም የሄድኩት መጸለይ ስላቃተኝ ነው። ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ፣ ላውንደሪ ውስጥ እሠራለሁ። ቀኑን ሙሉ አንሶላና ፎጣ ሳጥብ፣ ስተኩስና ሳጣጥፍ እውላለሁ። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ወዳለው ቤቴ ስመለስ ፍራሼ አጠገብ እንበረከክና «አባት ሆይ» እላለሁ። ከዚያ እጄ ወደ ስልኬ ይሄዳል። አንድ አጭር ቪዲዮ ብቻ አይቼ እመለሳለሁ እላለሁ። የሚያስቅ ከሆነ ሌላም አያለሁ። ቀና ስል ጉልበቴ ደንዝዟል፤ «አባት ሆይ» ካልኩት ላይ ግን አንድም ቃል አልጨመርኩም። ቸርች ስሄድም ያው ነው። እጄን ዘርግቼ እየዘመርኩ፣ ከፊቴ የቆመችው ሴት ጫማዋን ከየት ገዝታው ይሆን ብዬ አስባለሁ። በየሳምንቱ በሰፈራችን ተሰብስበን የምንጸልይበት የቤት ኅብረት አለን። የኅብረቱ መሪ «ጸሎት እንዴት ነው?» ስትለኝ «ክብር ለእግዚአብሔር ይሁን» እላታለሁ። ሁሉም የሚመልሰው እንደዚህ ነው። ሰው ፊት መናገር ለሚያስጨንቃት እንደኔ ላለች ልጅ ጥሩ መልስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አይጠይቅም።

በፕሮግራሙ ቀን፣ ሰልፍ ላይ ሳለሁ፣ ባጅ ያንጠለጠለች እኅት መጥታ ችግሬን ጠይቃኝ ነበር። ነገርኳት።

«ከማን ጋር ነው የምትኖሪው?» አለችኝ።

«ከአንዲት ኦርቶዶክስ ልጅ ጋር።»

ተራዬ ሳይደርስ ያቺ እኅት ወደ መድረኩ ወጥታ ለአገልጋዩ በጆሮው ስታወራ አይቻለሁ። አይቼ እንዳላየ ሆንኩ። «አንቺ አይደለሽም» የሚለው ቃል በጣም ጣፍጦኝ ነበር። በባጃጅ ወደ ቤት ስመለስ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ደረቴ ቀለል አለኝ።

አብራኝ የምትኖረው ልጅ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ወላጆቿ ከሰሜን ናቸው፤ አባቷ በመንግሥት ሥራ ተመድቦ ወደ ደቡብ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። ሁለታችንም ለብቻችን መከራየት ስላልቻልን አከራያችን ናቸው ያገናኙን። እኔ ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። ቤታችን የሚወራው ሲዳምኛ ስለሆነ አማርኛ ስናገር ሰው የሚስቅብኝ ይመስለኛል። እሷ ግን አፏ አያርፍም። ከአከራያችን ጋር ስለ ውሃ የምትከራከረው እሷ ናት፤ ባጃጅ ከዋጋው አስበልጦ ካስከፈለኝ ተመልሳ የምትጣላልኝም እሷ ናት። እኔን የምትጠራኝ «ጴንጤዋ» እያለች ነው።

ከፕሮግራሙ በተመለስኩ ዕለት እንደ ወትሮዋ በሩ ላይ ተቀምጣ ምስር እየለቀመች ነበር።

«ጴንጤዋ፣ ዛሬ ስንት አጋንንት አስወጣችሁ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን «አንድም» እላት ነበር፤ እሷም «ታዲያ እስካሁን ምን ትሠሩ ነበር?» ትለኝና እንስቅ ነበር። የዚያን ዕለት አልሳቅኩም። ዓይኗን አየሁት። ትልልቅ ዓይኖች ናቸው። ከዓመት በላይ አብሬያት ስኖር ትልቅነታቸውን ልብ ብዬው አላውቅም።

«ምን ሆነሻል?» አለች።

«ምንም።»

ከዚያ በኋላ እሷ የምታደርገው ሁሉ ሌላ ትርጉም ያዘብኝ። ስገባ ለምን መጀመሪያ ወደኔ አየች? ሻይ ስትቀዳ ለምን ጀርባዋን ሰጠችኝ? ቀሚስሽ ያምርብሻል ስትለኝ በውስጧ ምን እያለች ነው? ማታ እንደ ድሮው ፍራሼ አጠገብ እንበረከካለሁ፣ ግን ጆሮዬ እሷ ጋ ነው። ስልኬን እንኳ ማየት ትቼ ነበር። በስልኬ ምትክ የማየው እሷን ነበር።

ጥቂት ቀን ቆይቶ፣ ጠዋት ስነሳ ትራሴ ላይ እርጥበት አገኘሁ። ላብ ይሆናል አልኩ። በማግስቱም እንደዚያው ሆነ። በሦስተኛው ቀን ሊነጋጋ ሲል ነቅቼ ዓይኔን ጨፍኜ ጠበቅኩ። እሷ ወደ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ነጠላዋን ስትለብስ ሰማሁ። ከዚያ እግሯ ወደኔ ቀረበ። ከንፈሯ ይንሾካሾካል፤ ቃሉ አማርኛም ሲዳምኛም አይደለም። ግንባሬ ላይ ቀዝቃዛ ጠብታ አረፈ። ልቤ እንዳይሰማት ፈርቼ ትንፋሼን ያዝኩ። በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ።

ስትሄድ ተነስቼ ፈተሽኩ። ከጀሪካኑ ጀርባ በጥቁር ፌስታል የተጠቀለለ የፕላስቲክ ጠርሙስ አለ። ግማሹ ውሃ ነው። ከፍቼ አሸተትኩት፤ ትንሽ አፈር አፈር ይላል። እንደነበረው ጠቅልዬ፣ ቋጠሮውን ወደነበረበት አቅጣጫ አዙሬ አስቀመጥኩት።

ጸበል ሊሆን እንደሚችል አልጠፋኝም። ጎረቤቶቻችን ከቤተ ክርስቲያን ይዘው ሲመለሱ አያለሁ። ግን እነሱ በግልጽ ይጠጡታል፣ በግልጽ ይጠመቁበታል። ጸበል ከሆነ ለምን ደበቀችው? የተኛ ሰው ላይ በስውር የሚረጭ ውሃስ ምን ዓይነት ጸበል ነው? እንዲህ እያልኩ ለራሴ ጥያቄ እደረድር ነበር እንጂ እሷን አልጠየቅኳትም። አፍሬ ነው ብል ሙሉ እውነት አይሆንም። ብጠይቃት መልስ ይኖራት ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነው። መልስ ካላት ደግሞ መጸለይ ያቃተኝ እኔው ነኝ ማለት ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የሠራችውን መብላት አቆምኩ። ሁዳዴ ስለነበር ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን ነው የምትሠራው። ሳህኑን ስታቀርብልኝ የሚያድነኝ ቃል ከአፌ ወጣ።

«ጾም ይዣለሁ።»

እጇ ላይ ያለውን እንጀራ እንደያዘች ቀረች። «እናንተም ትጾማላችሁ?»

«አዎ። ጾም ጸሎት።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«እስከ ዘጠኝ።»

«እኔ ሁዳዴን ይዤ ሰባት ሰዓት ላይ ያዞረኛል። ጎበዝ ነሽ» አለች። የእውነቷን ነበር።

እኔ ግን አልጾምኩም። ሆቴላችን ለሠራተኛ ጠዋት ሻይና ዳቦ ይሰጣል፣ ቀንም ምሳ አለ። እዚያ በልቼ፣ ቤት ስገባ ፊቴን የጾመ ሰው አስመስዬ እገባ ነበር። እሷ ደግሞ ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት ድርሻዬን በሳህን ሸፍና ማስቀመጥ ጀመረች። ስመለስ አገኘዋለሁ፤ ክዳኑ ላይ እንዳይከፈት ብላ ብርጭቆ ጭናበታለች። አንስቼ ከግቢው ጀርባ ለአከራያችን ውሻ እገለብጥለታለሁ። ማታ ስታቀርብልኝ ደግሞ ያስቀመጥሽልኝን በልቼ ጠግቤያለሁ እላታለሁ።

አከራያችን አንድ ቀን ልብስ ሲያሰጡ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ውሻችን ሁዳዴ ያዘ እንዴ?»

«ምነው እማማ?»

«አፉ ሽሮ በሽሮ ነው። አጥንት ብሰጠው እንኳ ጎመንሽን እየጠበቀ ነው መሰለኝ ፊቱን አዞረብኝ።»

መሬት መሬት እያየሁ ገባሁ። ማን እንደሚያበላው አውቀዋል ብዬ ደግሞ እሳቸውንም መጠርጠር ጀመርኩ። ይነግሯት ይሆን? እስካሁን ነግረዋት ይሆን?

እሷ ግን አታውቅም ነበር። አንድ ጠዋት ጫማዋን እያሰረች፣ «ከስተሻል» አለችኝ። የከሳሁትስ እውነት ነው፤ እንቅልፍ አልነበረኝም። «ስለ ምንድን ነው ይህን ያህል የምትጾሚው?»

«ስለ ቤታችን።»

አስቤበት አልነበረም፤ እንዲሁ ነው የወጣው። እሷ ግን ማሰሪያውን ትታ ቀና አለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እግዚአብሔር ይስጥሽ» ብላኝ ወጣች። በሩ ከተዘጋ በኋላ፣ ያ እንባ የቅናት ነው ብዬ ወሰንኩ። ያኔ እንደዚያ ሆኜ ነበር። ደግነቷን ባየሁ ቁጥር ማስረጃ አደርገው ነበር።

በመጨረሻ ለኅብረታችን መሪ ነገርኳት። ገበያ ውስጥ ልብስ የምትሸጥ፣ ልጆች ያሏት ትልቅ ሴት ናት። ሰምታኝ ስታበቃ «አገልጋዩ ስሟን ጠራ?» አለችኝ።

«አልጠራም። ግን ሌላ ሰው የለም።»

«ውሃውን በዓይንሽ አይተሻል?»

«በግንባሬ ነው የሰማሁት። ጠርሙሱን ግን አይቻለሁ።»

«መጥተን እንጸልያለን። እሷ በሌለችበት ይሻላል፤ ጠብ እንዳይሆን።»

የሥራ ሰዓቷን ነገርኳት። ስናገር «ተዪው» የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ያንንም የጠላት ሥራ ነው ብዬ አለፍኩት።

መሪዋ ከሁለት እኅቶች ጋር መጣች። ክፍላችን ጠባብ ናት፤ አራት ሆነን ስንቆም ክርናችን ይነካካል። የበሩን መቃን ዘይት ቀቡት፣ መስኮቱን ቀቡት፣ የእኔን ፍራሽ ቀቡት። ከእኅቶቹ አንዷ ከልጅቷ ፍራሽ በላይ ወደተሰቀለው የእመቤታችን ሥዕል እጇን ስትሰድ መሪዋ ያዘቻት። «እሱን ተይው። የሰው ነው።» ከዚያ ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ጠርሙሱን ከጀሪካኑ ጀርባ አወጣሁላቸው።

ያኔ ጸሎቱ ድምፅ አገኘ። ሥዕሉን ልትነካ የነበረችው እኅት ጠርሙሱን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ፣ «በዚህ ቤት የገባ የምቀኝነት ዓይን ይታሰር» እያለች ትጮኻለች፤ ሌሎቹ ያጅቧታል። እኔ ጭንቅላቴን ደፍቼ «አሜን» እላለሁ። የበሩ መጋረጃ ሲገለጥ ማናችንም አልሰማንም።

«የማን ዓይን?»

እሷ ናት። የመሥሪያ ቤቷ ባጅ አንገቷ ላይ እንዳለ ነው። መብራት ጠፍቶ ቀድመው እንደለቀቋቸው በኋላ ነው ያወቅኩት።

በሩ ላይ ያለውን ዘይት አየች፣ እኛን አየች፣ በመጨረሻ ጠርሙሱን አየች።

«የኔ ዓይን ነው?» አለች፤ የምታየው እኔን ነው።

ጠርሙሱን የያዘችው እኅት፣ «መጀመሪያ ይሄ ምን እንደሆነ ንገሪን» አለቻት።

«ጸበል ነው። እንደ አይጥ ጭራ በሁለት ጣት የያዝሽው ምን መስሎሽ ነው?»

«ጸበል ከሆነ ለምን ተደበቀ?»

«እሷ ጴንጤ ናት፤ ጠጪ ብላት ትጠጣለች?» ድምጿ ከፍ አላለም። «ከእናንተ ፕሮግራም ከመጣች ጀምሮ ፊቷ ልክ አይደለም። አትስቅም፣ አታወራኝም። በእንቅልፏ ትወራጫለች። ታመመች ብዬ ነው። ብነግራት በሃይማኖቴ ገባሽ እንዳትለኝ ፈርቼ፣ ስትተኛ በግዕዝ እየጸለይኩ ግንባሯን ትንሽ ትንሽ ሳስነካት ነበር። ከዚያ ደግሞ ጭራሽ ጾም ጀመረች። በየቀኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት። አታይዋትም እንዴ እንዴት እንደከሳች?»

መሪዋ ወደኔ ዞረች። «ትጾሚያለሽ እንዴ? ለኅብረቱ አልነገርሽንም።»

አራቱም አዩኝ። «አዎ» ማለት እችል ነበር። አዎ ብል እኅቶቹ ያከብሩኛል፤ ልጅቷም ብትቀየመኝ እንኳ ጾመኛ ናት ትላለች። ነገሩም በጸበሉ አልቆ፣ አለመግባባት ነው ተብሎ ይቀራል። በኅብረቱ ውስጥ ከ«አሜን» ሌላ ድምፄን ሰምቶት የሚያውቅ የለም። ዝም ማለት ብቻ ይበቃኝ ነበር። ግን ሳህኑ ላይ የምትጭነው ብርጭቆ ፊቴ ላይ መጣብኝ።

«አልጾምኩም» አልኩ።

«ምን?» አለች መሪዋ፤ አልሰማችኝም።

«አልጾምኩም። ሆቴል እበላ ነበር። እሷ የሠራችውን ላለመብላት ነው ጾም ያልኩት።» አንዴ ከጀመርኩ በኋላ ማቆም አቃተኝ። «መጸለይ ያቃተኝም በእሷ አይደለም። እሷ ቤተሰቦቿ ጋ ሄዳ ብቻዬን የሰነበትኩ ጊዜም አልጸለይኩም። ስልክ ነው የማየው። እዚህ ተንበርክኬ ስልክ ነው የማየው።»

ከእኅቶቹ አንዷ እጇ ላይ የነበረውን ስልክ ቀስ ብላ ወደ ቦርሳዋ መለሰችው። ሌላዋ ጠርሙሱን የት እንደምታስቀምጠው ቸግሯት ቆይታ፣ መሬት ላይ እንዳይወድቅ ተጠንቅቃ አቆመችው።

መሪዋ ጣቷ ላይ የቀረውን ዘይት በሻሿ ጫፍ ጠረገች። «የኔ ልጅ፣ ይቅርታ አድርጊልን» አለቻት።

«በሩን የቀባችሁት ምንድን ነው?»

«የወይራ ዘይት።»

«የሚበላ ነው?»

«የሚበላ ነው።»

«እሺ» አለች። ከበሩ ገለል ብላም አሳለፈቻቸው።

ሁለታችን ስንቀር ፍራሿ ላይ ተቀመጠች። ባጇን አላወለቀችም።

«የማስቀምጥልሽን ምግብ ምን ታደርጊው ነበር?»

«ለውሻው እሰጠው ነበር።»

«ሽሮውን?»

«ሁሉንም።»

ሳቅ አመለጣት፤ አጭር ሳቅ። ከዚያ ፊቷ ተመልሶ ተዘጋ። «ስለ ቤታችን ነው የምጾመው ያልሽኝስ?»

ጠርሙሱን ከመሬት አንስቼ ፍራሿ አጠገብ አቆምኩላት።

«ለእናቴ ነገርኳት እኮ» አለች። «ደውዬ፣ ጴንጤዋ ስለ ቤታችን እየጾመች ነው አልኳት።»

ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ድስቷን፣ በርበሬዋን፣ ጨውዋን ካርቶን ውስጥ ከተተች፤ ካርቶኑንም ከራስጌዋ አደረገችው። ውሃ ከጀሪካኑ መቅዳት ትታ ከውጭ ይዛ መምጣት ጀመረች። «ጴንጤዋ» ማለቷን ትታ በስሜ ትጠራኛለች። ከሥራ ስመለስ ዓይኗ መጀመሪያ የሚያርፈው እጄ ላይ ነው፤ ምን እንደያዝኩ ታያለች። አውቀዋለሁ ያንን አስተያየት። እኔው ነኝ ወደዚያ ቤት ያስገባሁት። አከራያችንን ሌላ ክፍል የሚያከራይ ሰው ያውቁ እንደሆነ ስትጠይቃቸውም ሰምቻለሁ። «አንድ ሁለት ቦታ ልጠይቅልሽ» አሏት።

በዚያ ሰሞን ጸለይኩ ማለት አልችልም። ተንበርክኬ፣ እውነቱን የተናገርኩት እግዚአብሔርን ፈርቼ ነው ወይስ ስለተያዝኩ እያልኩ ራሴን እጠረጥር ነበር። አልለየልኝም። ብቻ «እሷ አትሂድብኝ» የሚል ቃል ከአፌ ወጣ፤ ከ«አባት ሆይ» ቀጥሎ የወጣልኝ የመጀመሪያው ቃል እሱ ነው። እግዚአብሔር እንደሰማ ወይም እንዳልሰማ አላወቅኩም። ሲነጋ ግን መጸለይ ብቻ እንደማይበቃ፣ እሷንም መጠየቅ እንዳለብኝ ገባኝ።

እሑድ ከቅዳሴ ተመልሳ ነጠላዋን ስታጥፍ ጠበቅኳት።

«ድስትሽን ልጠቀምበት?»

«የኔን? ለምን?»

«ምስር ልሠራ ነው። የኔ ድስት ቅቤ ነክቶታል፤ ለጾምሽ አይሆንም።»

ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ካርቶኑን ከፍታ ድስቱን አወጣች፤ እጄ ላይ ግን አልሰጠችኝም፣ መሬት ላይ አስቀመጠችልኝ። «እኔ እያየሁ እጠቢው።»

እያየች አጠብኩት። በሩ ላይ ተቀምጣ፣ ሽንኩርቱን ስከትፍ፣ ዘይቱን ስጨምር፣ ውሃውን ስቀዳ፣ ከእጄ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም። እኔም የምጨምረውን ሁሉ ቀድሜ ከፍ እያደረግኩ አሳየኋት። ባጃጅ በመንገዱ ሲያልፍ ብቻ ድምፅ ይሰማል።

ሲበስል እንጀራው ላይ ገልብጬ መሃላችን አደረግኩት። እሷ አማተበች። እኔ ወትሮ ምግብ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ረጅም የምጸልይ አስመስል ነበር። አሁን ዓይኔን ገልጬ «ጌታ ሆይ፣ ስለ ምግቡ አመሰግናለሁ» አልኩና አበቃሁ።

እጇን አልዘረጋችም። ምን እንደምትጠብቅ ገባኝ። ከመሃል፣ ወጡ ከበዛበት ቆርሼ በላሁ። እስክውጥ ድረስ ጉሮሮዬን አየችው። ሌላ ጉርሻ፣ አሁን በእሷ በኩል ካለው፣ ቆርሼ በላሁ። ከዚያ እሷም ከጫፉ ቆረሰች።

አላምጣ አላምጣ፣ «ጨው አንሶታል» አለች።

ለማምጣት ልነሳ ስል፣ «ተቀመጪ፣ እኔ አመጣለሁ» አለችኝ። ከካርቶኗ ጨው ይዛ መጣች። መጀመሪያ በራሷ በኩል ነሰነሰች። ጥቂት ቆየችና በእኔም በኩል ጨመረች።